ዓለም ከመስቀል በፊት ሲያልቅ

ነሐሴ 2009 መጨረሻ ላይ ነው። በምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ አንድ የቆዩ ደንበኛችን መጡ። መርካቶ ጨርቅ ይነግዳሉ። በጊዜ ገደብ ያስቀመጡትን ገንዘብ ማውጣት ፈለጉ። ጊዜው ሳይደርስ ከወጣ ወለዱ ይቀርብዎታል አልኳቸው።

«ልጄ፣ ወለዱን ማን ሊበላው ነው?» አሉኝ።

ስልካቸውን ሲያሳዩኝ ነገሩ ገባኝ። ኒቢሩ የምትባል የተደበቀች ፕላኔት መስከረም 13 መዓት ይዛ ትመጣለች ይላል ቪዲዮው። ቀኑን ያወጣው ዴቪድ ሚድ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 ጋር አያይዞ። መስቀል ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው! ለጉራጌ ሰው ይሄ በራሱ ግፍ ነው።

አጠገቤ ያለችው ልጅ «ጋሼ፣ ናሳ እኮ የለችም ብሏል» አለች። ባሰባቸው። «ደብቀዋታል እያልኩሽ! ደባቂ ይናገራል እንዴ?»

እውነትም፣ በመደበቅ የተጠረጠረን ሰው ለምስክርነት መጥራት አያዋጣም። ስለዚህ ናሳን ተውኩና ስለ ሰማዩ አወራን። ወር የማይሞላ ጊዜ የቀራት ፕላኔት ዛሬ ማታ በዓይን መታየት አለባት። የመንዝ ገበሬም ያያታል፤ እሱን እንዳይናገር ማን ያስጠነቅቀዋል? ከፀሐይ ጀርባ ነው የተሸሸገችው አሉ። ግን ምድር ፀሐይን ትዞራለች። ዛሬ ከፀሐይ ወዲያ ያለ ሩቅ ነገር የዛሬ ስድስት ወር ሌሊቱን ሙሉ ሰማያችን ላይ ነበር። ብትሸሸግ እንኳ ስበቷ ያጋልጣታል። ኔፕቲዩን ከ4 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1846 የተያዘችው የዩራነስን ጉዞ ስታዛባ ነው።

ጋሼ የዋዛ አይደሉም። «ሳይንቲስቶቹስ ዘጠነኛ ፕላኔት ሳትኖር አትቀርም ይሉ የለ?» እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ካልቴክ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ ብለዋል። ግን ካለችም ከኔፕቲዩን እጅግ ርቃ ትዞራለች እንጂ ወደኛ ድርሽ አትልም።

ይሄን ሁሉ ሰምተውም ፊታቸው አልተፈታም። የፈታው ሌላ ነገር ነው። ከሌላ ዓለም ፍጡራን መልእክት ይደርሰኛል የምትል ናንሲ ሊደር የምትባል ሴት፣ ይህንኑ መዓት ለግንቦት 2003 ቀጥራው ነበር፤ በፈረንጆቹ። አለፈ። በዚያው በፈረንጆቹ ወደ ታኅሣሥ 2012 ተገፋ። እሱም አለፈ።

«ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ያፈረሰ ተበዳሪ ሦስተኛ ቀን ቢነግርዎ፣ ጨርቅ በዱቤ ይሰጡታል?»

ሳቁ። መርካቶ ኖሮ ይሄን የማያውቅ የለም።

ያን ያህል የተሟገትኩት ለሳይንስ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ተቀማጭ ሲሸሽ ቅርንጫፉ ይጨነቃል። ቢሆንም ገንዘቡ የእሳቸው ነው፤ በሐሳባቸው ቢጸኑ እከፍላቸው ነበር። ለመስቀል በሬ መግዣ ብቻ ከሌላው ሂሳባቸው አውጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣልን፣ ፈርቶ የመጣን ደንበኛ ስለ ወለድ ከማስረዳትህ በፊት ምን እንደሰማ ጠይቀው እላለሁ።

መስከረም 13 በሰላም አለፈ። ሚድ ደግሞ ቀኑን ወደ ጥቅምት 5 ገፋው። ይሄን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው፤ ገንዘብ ሊያስገቡ መጥተው።

«ሰማህ? ተበዳሪያችን ማራዘሚያ ጠየቀ» አሉኝ።