ስምንት ወር፣ አንድ ቤት

ባለፈው ሳምንት፣ ሆልሴሊንግ በሚባለው የቤት ንግድ የመጀመሪያ ውሌን ለገዢ አስተላልፌ ድርሻዬን ተቀበልኩ። ስምንት ወር ፈጅቷል። ከመጀመሬ በፊት ያየኋቸው ቪዲዮዎች ሠላሳ ቀን ይበቃል ነበር የሚሉት። እኔ በሠላሳኛው ቀን ገና ለሻጭ ስደውል ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የት የት እንደተሸወድኩ ልንገራችሁ።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ሆልሴሊንግ ሲባል ጅምላ ንግድ ይመስላል፤ ጅምላ የሚባል ነገር ግን የለበትም። አንድ ቤት፣ አንድ ሻጭ፣ አንድ ገዢ ነው። ቶሎ መሸጥ የፈለገ ባለቤት ታገኛላችሁ፤ ቤቱ ብዙውን ጊዜ እድሳት የሚፈልግ ነው። የግዢ ውል ትፈርማላችሁ፣ ትንሽ ቀብድ ትከፍላላችሁ። ከዚያ በውሉ ያገኛችሁትን የመግዛት መብት አድሶ ለሚሸጥ ወይም ለሚያከራይ ሰው በክፍያ ታስተላልፋላችሁ። የምትሸጡት ውሉን ነው። ውሉ ለሌላ ሰው መተላለፍ እንደሚችል በግልጽ ካልተጻፈ ግን ገና ከጅምሩ ጣጣ አለው።

ሒሳቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የተበላሁት እዚያ ነውና።

አድሰው የሚሸጡ ገዢዎች የ70 በመቶ ደንብ የሚሏት ነገር አለች። ቤቱ ታድሶ የሚያወጣውን ዋጋ ይገምታሉ፣ የዚያን 70 በመቶ ይወስዳሉ፣ ከእሱ ላይ የእድሳቱን ወጪ ይቀንሳሉ። ለቤቱ ከዚያ በላይ አይከፍሉም። የተተወው 30 በመቶ የግዢና የሽያጭ ወጪ፣ የደላላ ኮሚሽን፣ የብድር ወለድ፣ ቤቱ እስኪሸጥ የሚከፈል ግብርና ኢንሹራንስ ይሸፈንበታል። ትርፋቸውም ከዚያው ነው። እኛ ደግሞ የራሳችንን ድርሻ ቀንሰን ለሻጩ ዋጋ እናቀርባለን።

በቁጥር እንየው። ቤቱ ታድሶ 100 ያወጣል እንበል። 70 በመቶው 70 ነው። እድሳቱ 20 ቢፈጅ 50 ይቀራል። የእኔ ድርሻ 5 ከሆነ ለሻጩ የማቀርበው 45 ነው። አሁን የታደሰውን ቤት ዋጋ አጋንኜ 110 ብዬ ገመትኩ እንበል። 70 በመቶው 77 ሆነ። 20ና 5 ሲቀነስ 52። በ52 ፈረምኩ። ሒሳቡን የሚያውቅ ገዢ ግን ከ50 በላይ አይከፍልም። የ10 በመቶ ስህተት ውሉን በ7 አስወደደው፣ የእኔ ድርሻ ደግሞ 5 ብቻ ናት። ድርሻዬን በነጻ ብለቅ እንኳ ውሉን የሚያነሳው የለም።

በሁለተኛው ወር የፈረምኩት ውል እንዲህ ነው የሞተው። ለ11 ገዢዎች ላክሁት። ዘጠኙ ዝም አሉ። አንዱ የሳቅ ምልክት ላከልኝ። አሥራ አንደኛው ደግ ሰው ነበር፣ ደወለልኝ። "ይህን ዋጋ ከየት አመጣኸው?" አለ። ያወዳደርኳቸውን ሦስት ቤቶች ነገርኩት። የመጀመሪያው ገና አልተሸጠም፣ ባለቤቱ የጠራውን ዋጋ ነበር የያዝኩት። ሁለተኛው የተሸጠው ከዓመት በፊት ነው። ሦስተኛው ከዋናው መንገድ ማዶ ነው፤ እዚያ ማዶ ያለው ዋጋ እዚህ አይሠራም። ሰውዬው አልሳቀብኝም። በቅርብ ስድስት ወር፣ እዚያው ሰፈር፣ በስፋትም ባለበት ሁኔታም የሚመሳሰል፣ በትክክል የተሸጠ ቤት ብቻ ያዝ አለኝ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አልነበረም። አንብቤዋለሁ። ውሉን ስለወደድኩት ለውሉ የሚመሰክሩ ቤቶች ፈለግሁ፤ አገኘሁም። ቤቱን መርምሬ ሐሳቤን የምቀይርበት 10 ቀን በውሉ ላይ ነበረኝ። ገዢ ሳፈላልግ አለፈ። ቀብዴም አብሮ ሄደ።

ከዚያ ለሁለት ወር ለማንም ሻጭ አልደወልኩም። ደብተር ገዛሁ። በምከታተለው ሰፈር ለሽያጭ የወጣ ቤት ባየሁ ቁጥር ስንት እንደሚሸጥ እጽፋለሁ። በብዕር ነው፣ በኋላ እንዳላጠፋው። ቤቱ ሲሸጥ ትክክለኛውን ዋጋ ጎኑ አሰፍራለሁ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቤቶች በአማካይ 17 በመቶ ተሳስቻለሁ፤ ዘጠኙን ከፍ አድርጌ ነው የገመትኩት። አርባኛው አካባቢ ስህተቴ ወደ 6 በመቶ ወረደ። ደስ ያለኝ ግን አንዳንዴ ወደ ላይ፣ አንዳንዴ ወደ ታች መሳሳት መጀመሬ ነው። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚሳሳት ሰው ራሱን እያታለለ ነው፤ እኔን ማለቴ ነው።

ደብተሩ ሌላም አስተማረኝ። ስፋታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቤቶች አንደኛው ለምን ረክሶ ተሸጠ ብዬ ሳጣራ፣ ወደ መኝታ ቤት ለመግባት ሌላ መኝታ ቤት ማቋረጥ ያስፈልግ ነበር። ይህን ካሬ ሜትር አይነግራችሁም።

እድሳትን በዓይን መገመቱን ትቼዋለሁ። አንድ የጥገና ባለሙያ ከፍዬው ሦስት ቤት አብረን ዞርን። እኔ የተላጠ ቀለምና የተሰበረ ሰቆች ሳይ እሱ ዞር ብሎም አላያቸውም። ቧንቧዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ከፈተ፣ የውሃው ግፊት ሲወርድ አየ። በሮቹን አንድ በአንድ ዘጋጋ። ሁለቱ ከላይ በኩል ፍሬማቸውን ገፉ፣ ከበሩ ማዕዘንም ሰያፍ ስንጥቅ ወጥቷል። መሠረቱ ሳይሰምጥ አልቀረም አለ። የእኔ ግምት የእሱን ግማሽ እንኳ አልሆነም።

ሌላው የሚከነክነኝ ከሻጭ ጋር ያለው ነገር ነው። በአምስተኛው ወር አንዲት አረጋዊት ቤታቸውን አሳዩኝ። ዋጋ ከተነጋገርን በኋላ "ልጄ፣ የምትገዛው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው?" አሉኝ። ቪዲዮዎቹ ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅተው ነበር። "ከአጋሮቼ ጋር ነው የምንሠራው" በል ይላሉ። አፌ ላይ ደረሰ፣ አልወጣ አለ። "እማማ፣ እኔ ውሉን ለሌላ ገዢ ነው የማስተላልፈው። ክፍያዬም ከመካከሉ ነው። መቆየት ከቻሉ በደላላ ገበያ ላይ ቢያወጡት የተሻለ ዋጋ ያገኛሉ" አልኳቸው። አመሰግናለሁ ብለው ሸኙኝ። በኋላ በደላላ ሸጡት፣ እኔ ካቀረብኩት በደንብ በሚበልጥ ዋጋ። ደብተሬ ላይ አለ። ለእሳቸው ትክክለኛው እሱ ነበር። የእኛ ዋጋ የሚጠቅመው ጊዜ ወይም የማደሻ ገንዘብ ለሌለው ሰው ነው፤ ሁለቱም ላለው ሰው ማቅረብ ጥሩ አይመስለኝም።

ሕግም እየጠነከረ ነው። ይህ ሥራ በሰፊው በሚሠራበት አሜሪካ፣ ኢሊኖይ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጓን አሻሽላ በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲህ የሚሠራ ሰው የደላላ ፈቃድ እንዲኖረው አድርጋለች። ኦክላሆማም በ2021 ተከትላለች። እዚያ ያለ ፈቃድ ውሉን ለሕዝብ ማስተዋወቅ አይቻልም። የትም ሁኑ የት፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

የተሳካው ቤት የውርስ ነው። ከታላቅ ወንድም ጋር ፈረምኩ፣ ጨረስኩ ብዬ ፈነደቅሁ። የባለቤትነት ማስረጃው ሲጣራ ወራሾቹ አራት ናቸው፤ ቤቱም ላይ የቆየ እዳ አለ። አራቱን ማስፈረም ሦስት ወር ወሰደ። አንደኛዋ እህት ከወንድሟ ጋር ለዓመታት ተኳርፋ ስለነበር መልእክት የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። ገዢው ታገሠኝ፤ ግምቱ ትክክል ስለነበር ይመስለኛል። እዳው ከሽያጩ ላይ ተከፈለ። ድርሻዬን ለሠራሁበት ሰዓት አካፍዬዋለሁ፤ ውጤቱን ባልነግራችሁ ይሻላል።

አሁን ራሴ ገዝቼ ማከራየት እያሰብኩ ነው። ከላይ በምሳሌ ያነሳሁት ቤት ከነእድሳቱ 70 ቢወጣበትና ወርሃዊ ኪራዩ 0.8 ቢሆን፣ በዓመት 9.6 ይገባል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከኪራዩ ግማሹ ለግብር፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጥገናና ተከራይ ለሌለበት ጊዜ ይሄዳል ብለው ነው የሚያስሉት፤ የብድር ክፍያን ሳይጨምር። 4.8 ይቀራል። ለ70 ሲካፈል ከ7 በመቶ ትንሽ ያንሳል። የብድሩ ወለድ 8 በመቶ ከሆነ የተበደርኩት ገንዘብ ከሚያመጣው በላይ ይወስዳል ማለት ነው። ስለዚህ ወይ በርካሽ መግዛት፣ ወይ ብዙ ከኪሴ ማውጣት፣ ወይ መጠበቅ። ለጊዜው እየጠበቅሁ ነው።

ደብተሩ ቀጥሏል። ትናንት 53ኛውን ቤት መዘገብኩ። ማታ ሳስበው ከፍ አድርጌ የገመትኩት መሰለኝ፤ ግን በብዕር ተጽፏል።