«በጎ በጎውን አስብ» ማለት ለምን አይበቃም?

ድባቴ ወይም ጭንቀት የያዘውን ሰው «በጎ በጎውን አስብ» ቢሉት ብዙ ጊዜ አይቀለውም። የማያምንበትን ቃል ሲደጋግም ውስጡ ይሟገተዋል፤ ጭራሽ «ይህም አቃተኝ» የሚል ወቀሳ ይጨመርበታል። አመለካከትን መቀየር ግን በእርግጥ ይረዳል፤ ሐሳብን በማባበል ሳይሆን በመፈተን።

አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር የጀመረው የአስተሳሰብ ሕክምና (ኮግኒቲቭ ቴራፒ) በዚህ ላይ የቆመ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል፤ ዋና መሣሪያው ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

አንድ ወዳጃችሁ መንገድ ላይ ሰላም ሳይላችሁ አለፈ እንበል። መጀመሪያ የሆነውን ብቻ ጻፉ። ቀጥሎ ስሜቱን ከ100 ለኩት፦ ሐዘን፣ 80። ከዚያ ሐሳቡን፦ «ንቆኛል።» አሁን የሚደግፈውንና የሚቃረነውን ማስረጃ ጎን ለጎን አስቀምጡ። «እንደዚያ ተሰምቶኛል» ማስረጃ አይደለም። በመጨረሻ ሁለቱንም ያገናዘበ ሐሳብ ጻፉ፦ «ላያየኝ ይችላል፤ ቅር ብሎትም ከሆነ ደውዬ እጠይቀዋለሁ።» ስሜቱ 50 ከደረሰ ሠርቷል፤ ዜሮ አትጠብቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥያቄ በመጻፍ ነው። «ለምን ሰላም አላለኝም?» አይፈተንም፤ ከሥሩ ያለውን «ንቆኛል» ማውጣት ያስፈልጋል። ሳይጽፉ በልብ ብቻ መሥራትም ወደ ማብሰልሰል ይመልሳል። ሐሳቡ እውነት ሆኖ ሲገኝ ደግሞ፣ ለምሳሌ የሚያስጨንቀው ዕዳ በእርግጥ ካለ፣ የሚያስፈልገው የአከፋፈል ዕቅድ እንጂ ሌላ አመለካከት አይደለም። የተቸገረን ሰው «ችግሩ አስተሳሰብህ ነው» ማለት በደል ነው።

ለጭንቀት ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ ጭንቀቱን የሚያቆየው የሚፈሩትን መሸሽ ነውና። ስብሰባ ላይ መናገር የሚፈራ ሰው «ሁሉም ይስቁብኛል» ብሎ ግምቱን ይጻፍ፤ ትንሽ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ከዚያ የሆነውን ከግምቱ ጋር ያስተያይ። አንገቱን ደፍቶ፣ ከወረቀት እያነበበ ከጠየቀ ግን አእምሮው «ያዳነኝ ወረቀቱ ነው» ይላል፤ ፍርሃቱም ባለበት ይቀራል።

ድባቴው ከከበደ ከደብተሩ በፊት እንቅስቃሴ ይቅደም፦ በተወሰነ ሰዓት የ10 ደቂቃ የእግር መንገድ፣ ስሜቱ እስኪመጣ ሳይጠብቁ።

ሐዘኑ ወይም የፍላጎት ማጣቱ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ 2 ሳምንት ከዘለቀ ሐኪም ይየው፤ የታይሮይድ ዕጢ መዛባትና የደም ማነስም ድባቴ ሊመስሉ ይችላሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል፤ ሰውየውን ብቻውን አትተዉት። መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን አያቋርጥ።