ከቱቦው አፍ አጠገብ ያለው ግግር

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ ወጣ ባለች አንዲት ከተማ የፓርክ ሠራተኞች የሰፈር ኩሬ ላይ የመንሸራተቻ ሜዳ ሊጠርጉ ጃንዋሪ ላይ ወጡ። የኩሬውን ግግር በረዶ አምስት ቦታ በስተው ለኩ፤ ሁሉም ቦታ 8 ኢንች፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ 4 ኢንች፣ ለቀላል ባለ አራት ጎማ ሞተር ከ5 እስከ 7 ኢንች ስለሚመክር፣ መጥረጊያ የተገጠመለትን ሞተር ይዘው ገቡ። መሃሉ ተጠርጎ አለቀ። በረዶውን ወደ ዳር እየገፉ ሳለ የኋላ ጎማዎቹ ሰመጡ። ውሃው ከጉልበት ስላላለፈ ነጂው ቦቲው ርሶ ወጣ፤ ሞተሩን ግን ከየብስ ሆነው በሽቦ ገመድ እስኪጎትቱት መሸ።

ጎማው የሰመጠው የጎርፍ ቱቦ አፍ አጠገብ ነው። እዚያ ሲለካ 3 ኢንች አልሞላም፤ ከዚያውም ግማሹ ነጭ ነው። ነጭ ግግር የረጠበ በረዶ እንደገና ሲረጋ የሚፈጠር፣ አየር የበዛበት ነው፤ ጥንካሬው የጥሩውን፣ ማለትም የጠራውን ግግር፣ ግማሽ ያህል ስለሆነ ለተመሳሳይ ክብደት እጥፍ ውፍረት ይጠየቅበታል። አቅሙም ከውፍረቱ ይልቅ በፍጥነት ነው የሚወርደው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሲሆን የሚሸከመው ክብደት ሩብ ይሆናል። ከ8 ኢንች ወደ 3 ሲወርድ ከአቅሙ የሚተርፈው ሰባተኛው እጅ ገደማ ነው።

እንዲህ ያሉት የሰፈር ኩሬዎች ብዙዎቹ ለጎርፍ ማጠራቀሚያ የተቆፈሩ ናቸው። ቀን ላይ ሞቅ ሲል መንገድ ላይ ጨው የተበተነበት በረዶ ይቀልጥና በቱቦው ይገባል። የሚፈስ ውሃ ግግሩን ከሥር ይበላዋል፤ ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ ቶሎ አይረጋም። ከሁሉ የከፋው የውሃው ከፍታ መለዋወጡ ነው። ኩሬው ሞልቶ ሳለ ግግሩ ይሠራና ውሃው በመውጫው ሲጎድል ዳር ዳሩን ከሥሩ ባዶ ይቀራል። ግግር የሚሸከመው ከሥር ውሃ ስለደገፈው ነው። ወደ ዳር የተገፋው የበረዶ ክምር ደግሞ ክብደት ይጨምርበታል፣ እንደ ብርድ ልብስም ሆኖ ብርዱን ይከለክለዋል።

አምስቱ ቀዳዳዎች አልዋሹም፤ ሁሉም የተበሱት ማንም በማይሰጋበት መሃል ላይ ነበር እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ልኬቱ የሚጀምረው ከጎርፍ ቱቦ ካርታ ነው። መግቢያና መውጫ ቱቦዎች ሁሉ በመለኪያው ቅጽ ላይ ይሰፍራሉ፤ ዙሪያቸው በእንጨትና በብርቱካናማ ሪባን ይከለልና ሞተር አይገባበትም። ከዳር ሲገባ ፊት ለፊቱን በድጅኖ እየመቱ መሄድ ነው፤ በአንድ ምት ከተበሳ በመጡበት መመለስ። ቀዳዳው ቢበዛ በየ150 ጫማው ይሆናል፣ ዳር ላይ ግን ቀረብ ቀረብ ይላል። ጥሩውና ነጩ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ ነጩ በግማሽ ይቆጠራል።

ቀዳዳው ውስጥ ያለውን ውሃ ማየትም ውፍረቱን ከመለካት አያንስም። የተንሳፈፈ ግግር ሲበሳ ውሃው ከውፍረቱ ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህል ይወጣል። ከዚያ በታች ርቆ ከቆመ ግግሩ ተንጠልጥሏል ማለት ነውና፣ ውፍረቱ የፈለገውን ቢያህል ሞተር አይገባም።

ብቻውን የሚገባ የለም፤ ላይፍ ጃኬት ከካፖርቱ በላይ ይለበሳል፣ መወርወሪያ ገመድ ዳር ላይ ይቀመጣል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የለም፤ የሚለብሰው ግን ጥቂቱ ነው። የተጠረገው በረዶ ዳር ላይ መከመሩ ቀርቶ የብስ ላይ ይጣላል፤ ለዚህም ከቱቦ የራቀና መሬቱ ደልዳላ የሆነ አንድ መውጫ አስቀድሞ ይመረጣል።