ለፖቶማክ ሻድ ሰው ሠራሽ ዝንብ ያዘጋጀሁበት መንገድ

ሻድ አብዛኛውን ዕድሜውን በአትላንቲክ ውቅያኖስ አሳልፎ እንቁላል ለመጣል በጸደይ ወደ ወንዝ የሚመለስ ዓሣ ነው። እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሂኮሪ ሻድ የሚባለው አነስተኛው ዓይነት በመጋቢት ማብቂያ ገደማ ቀድሞ ይደርሳል፤ ትልቁ የአሜሪካ ሻድ ደግሞ በሚያዝያ ቼን ብሪጅ ከሚባለው ድልድይ በታች ባለው የፖቶማክ ወንዝ ላይ በብዛት ይገኛል።

ዓሣው በዚህ ጉዞ ላይ እምብዛም አይመገብም፤ የአሜሪካው ሻድ በባሕር ሳለም ዋና ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ስለዚህ በመንጠቆ ላይ በክር የማስረው ማባበያ ዝንብ ይባል እንጂ አንድም ነፍሳት አይመስልም። ሥራው ከወንዙ ወለል አጠገብ በሚጓዘው ዓሣ ፊት አብረቅርቆ ማለፍ ነው፤ ከውበቱ ይልቅ ክብደቱን የማስቀድመውም ለዚህ ነው።

ቁጥር 6 የሆነ አጭር መንጠቆ እወስድና ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ በፒንሳ እጨፈልቃለሁ። የሻድ አፍ ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይቀደዳል፤ ዓሣውንም መልቀቅ ግድ ነው። ቁጥሩ እጅግ በመመናመኑ ሜሪላንድ በ1980፣ ቨርጂኒያ በ1994 እ.ኤ.አ. ማጥመዱን ከልክለው ነበር። ወቅቱ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም፣ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክራችን ቢያንስ እዚህ ወንዝ ዳር አይነሣም።

መንጠቆውን በትንሽ ሞርሳ ካጠበቅሁ በኋላ ቀጥ ያለውን ክፍል በቀጭን ክር እጠቀልላለሁ፤ ከዚያም ገመድ ከሚታሰርበት የመንጠቆው ቀዳዳ ጥቂት ወደ ኋላ ብዬ ሁለት የብረት ኳሶችን ከላይ በኩል አስቀምጬ ክሩን በመስቀልኛ እያመላለስሁ አጥብቄ አስራለሁ። ኳሶቹ የመብራት ማብሪያ ሰንሰለት ላይ የሚገኙት ዓይነት ናቸው። ክብደቱ ከላይ በኩል ሲሆን ዝንቡ በውኃ ውስጥ ይገለበጥና የመንጠቆው ጫፍ ወደ ላይ ይዞራል፤ የፖቶማክ ወለል ደግሞ ድንጋያማ በመሆኑ ይህች ብቻ ብዙ ዝንቦችን ታተርፋለች። ጅራቱን ከጥቂት ብልጭልጭ ክሮች እሠራና ከመንጠቆው ብዙም እንዳያልፍ በመቀስ አሳጥረዋለሁ፤ ረጅም ከሆነ ዓሣው ጫፉን ብቻ ነክሶ ይሄዳል። ገላውን በሮዝ ወይም በብርቱካናማ ለስላሳ ክር ሸፍኜ ቋጠሮውን ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም እቀባለሁ። ውኃው ሲደፈርስ ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ያም ሆኖ ስለ ቀለም የሚደረገው ክርክር ከሚገባው በላይ የተጋነነ ይመስለኛል።

ዋናው ትምህርት ከክብደት የመጣ ነው። ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሲፈጥን በሰንሰለት ኳሶች የታሰረው ዝንብ፣ ከሚሰጥም የማጥመጃ ገመድ ጋር እንኳ ተያይዞ፣ ወለሉ ዘንድ ሳይደርስ ጅረቱ ይወስደዋል፤ ውኃው ሲቀንስ ደግሞ ከባዱ የእርሳስ ብረት ኳስ ያለው በየድንጋዩ እየተያዘ ይቀራል። አሁን ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ቀለም አስርና የዝንቡን ራስ የምጠመጥምበትን ክር ቀለም ብቻ እለያለሁ፦ ቀይ ለእርሳስ፣ ጥቁር ለሰንሰለት ኳስ። እንዲህ ሲሆን ጀልባ ላይ ተቀምጬ፣ እጄ በብርድ ደንዝዞም ቢሆን፣ የምፈልገውን ክብደት ከሣጥኑ ወዲያው አነሣለሁ።