ሬዲዮው ሌሊቱን ሙሉ ሲያወራ ነበር

ፒያሳ ባለው የቪዲዮ ስቱዲዮአችን ጥር እንቅልፍ የሌለበት ወር ነው። ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ጎንደር ትዳራለች፤ የተዳረው ሁሉ እኛ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል።

ያስቸገረን የመብራቱ መቆራረጥ ነበር። ዩፒኤሳችን (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) የሚሸከመው 390 ዋት ነው። ሬንደር ላይ፣ ማለትም የተቀናበረው ቪዲዮ ወደ መጨረሻው ፋይል ሲወጣ፣ ፕሮሰሰሩ (ራይዘን 7 5800ኤክስ) እስከ 142 ዋት፣ ግራፊክስ ካርዱ (አርቲኤክስ 3070) 220 ዋት ይበላሉ። ስክሪኑና ሌላው ሲጨመር ዩፒኤሱ መብራት በሄደ ቁጥር ጮኾ ጮኾ ኮምፒውተሩን ይዞ ይተኛል። ባለቤቱ ትልቅ ዩፒኤስ የሚገዙት «ከሠርጉ ወቅት በኋላ» ነው፤ ይህን ሲሉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው።

ስለዚህ ቮልቴጁን ልቀንስ ተነሣሁ። ቺፕ የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ይወርዳል፤ ፍጥነቱን ሳይነኩ ቮልቴጁን በ10 በመቶ ቢቀንሱ ፍጆታው ወደ 19 በመቶ ይቀንሳል። ካርዱን 0.9 ቮልት ላይ አሰርሁት፤ 165 ዋት አካባቢ ረጋ። የፕሮሰሰሩን የኃይል ጣሪያ 95 ዋት አደረግሁ፤ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ቅንብር) ገብቼም የእያንዳንዱ ኮር ቮልቴጅ በእርከን በሚስተካከልበት ከርቭ ኦፕቲማይዘር ላይ ለስምንቱም ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ነጌቲቭ 30፣ ማለትም 30 እርከን ወደ ታች፣ ሰጠሁ። ከዚያ በታች መውረጃ የለውም። ሁለት ሰዓት በከባድ መፈተሻ አስጨነቅሁት፤ ንቅንቅ አላለም።

ማታ ፋይል እንዲገለብጥ ትቼው ሄድሁ። ጠዋት ስመጣ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ተነሥቶ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል፤ ግልበጣው መሐል ላይ ቀርቷል። የዊንዶውስ መዝገብ «ከርነል ፓወር 41» ይላል፤ በወጉ ሳይዘጋ ጠፋ ማለት ነው። መብራት ነው ብዬ አለፍሁት። በሦስተኛው ሌሊት ሲደገም ግን ጥርጣሬዬ ወደ ዘበኛችን ዞረ።

«አባባ፣ ሌሊት ሶኬቱን ነቅለው ነበር?»

ጋቢያቸውን አስተካክለው አዩኝ። «እኔ ምን ቆርጦኝ ልጄ? መብራቱም አልሄደም። ሬዲዮዬ ሌሊቱን ሙሉ ስታወራ ነበር።»

ሬዲዮዋ ባትሪ የላትም፤ የምትሠራው በግድግዳው ሶኬት ነው።

ተመልሼ መዝገቡን ወደ ታች ሳወርድ ያላየሁት ቀይ መስመር ተቀምጧል፤ ቁጥር 18፣ የሃርድዌር ስሕተት። ሦስቱም ሌሊት የተጠቀሰው ያው አንድ ኮር ነው፤ ከስምንቱ ምርጡ። ስምንቱም ሲጨነቁ የኃይል ጣሪያው ፍጥነታቸውን ያወርደዋል፤ የእኔ የሁለት ሰዓት ፈተና ያየው ይህንኑ ዝግታ ብቻ ነው። ሥራ ሲቀልል ግን አንዱ ኮር ብቻውን እስከ 4.7 ጊጋኸርዝ ይፈተለካል፤ ለዚያ ፍጥነት የሚያስፈልገውን ቮልቴጅ የነጠቅሁት እኔ ነኝ። አንዱ እርከን ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ስለሆነ፣ 30ው ወደ 100 ሚሊቮልት ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ ነው።

ምርጡን ኮር ነጌቲቭ 5 ላይ፣ ሌሎቹን 15 ላይ መለስኋቸው። በዚህ ጊዜ ፈተናው እያንዳንዱን ኮር ለየብቻው ሲያሮጥ አደረ፤ ከዚያም ሁለት ሌሊት ሥራ ፈትቶ እንዲያድር ተውሁት። አልጠፋም። መብራት ሲሄድም ዩፒኤሱ 340 ዋት አካባቢውን ተሸክሞ ሥራ ለማስቀመጥ የሚበቃ ጊዜ ይሰጠናል።

አባባን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ቡናም ጋበዝሁ። ቡናውን ጠጡልኝ። ይቅርታውን ግን የተቀበሉት አይመስለኝም፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍቱልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዛሬስ ማን ነቀለው?» ይሉኛል።