ካርታው ሁሉም ቦታ 1 ሲያሳይ

አዳማ ያለ አንድ ፋብሪካ ንዝረት አስቸገረው ተብለን ሄድን። ሞተሩ በሰከንድ 24.3 ጊዜ ይዞራል፤ በቺንጋ የሚነዳው ትልቁ ቬንትሌተር ደግሞ 14.5። ስፔክትረሙ (ንዝረቱን በየፍሪኩዌንሲው ለይቶ የሚያሳየው ግራፍ) ላይ ግን 38.8 ሄርዝ (በሰከንድ 38.8 ጊዜ) ጋ ሌላ ጉብታ አለ። ደምሩት፣ የሁለቱ ድምር ነው። ጣጣው አጠገቡ ያለው ኮምፕረሰርም እዚያው አካባቢ መዞሩ ነው። ገሚሱ "ኮምፕረሰሩ ይነሳልን" ይላል፣ ገሚሱ "የራሳችን ማሽን ነው"። አጥፍቶ ማየት ቀላሉ ነበር፤ ምርት ይቆማል ተብሎ ተከለከለ።

ተራው ስፔክትረም እዚህ አይፈርድም። የእያንዳንዱን ፍሪኩዌንሲ ጉልበት ይነግራል፣ ፌዙን (ንዝረቱ ከዑደቱ የት ላይ እንዳለ) ግን ይጥለዋል። የላላ ነገር ሁለት ንዝረቶችን ሲያደባልቅ ድምራቸውና ልዩነታቸው ይፈጠራል፤ የድምሩ ፌዝም የሁለቱን ፌዝ ድምር እየተከተለ ይሄዳል። ከሌላ ማሽን የመጣ ከሆነ ግን ፍጥነቱ ትንሽ ስለሚለያይ ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ይህን የሚለየው ባይስፔክትረም ነው፤ የሁለት ፍሪኩዌንሲዎችንና የድምራቸውን ፌዝ አንድ ላይ ያያል። ከ0 እስከ 1 ሲመጠን ባይኮሂረንስ ይባላል፤ 1 ማለት ፌዞቹ ሙሉ በሙሉ ታስረዋል ማለት ነው። አዲስ ነገር አይደለም፤ ሃሰልማን፣ መንክና ማክዶናልድ በ1963 እ.ኤ.አ. የባሕር ሞገድ መርምረውበታል።

ከቡድናችን አንዱ ልጅ ሲሠራ አድሮ ጠዋት የየፍሪኩዌንሲ ጥንዱን ባይኮሂረንስ የሚያሳይ ካርታ ይዞ ከች አለ። የትም ብታዩት 1። "ሁሉም ከሁሉም ጋር ተያይዟል!" አለ በደስታ።

የፋብሪካው አንጋፋ መካኒክ ስክሪኑን አየት አደረጉና "ልጄ፣ ሁሉም ነገር ከላላ ይሄ ማሽን እንዴት ቆሞ ይሠራል?" አሉት።

እውነታቸውን ነው። ልጁ የንዝረቱን ቅጂ ሳይቆራርጥ እንዳለ አስገብቶት ነበር። አንድ ቁራጭ ብቻ ካለ ቀመሩ ቁጥሩን በራሱ መጠን ያካፍለዋል፣ ስለዚህ ተራ ጫጫታም ብትሰጡት 1 ይላል። ፌዙ መጽናቱ የሚታየው ብዙ ቁራጮች ተደምረው ሲማከሉ ነው፤ የሚንሸራተተው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የታሰረው ይቀራል።

የ10 ደቂቃውን ቅጂ በ4 ሰከንድ ቆረጥነው፣ 150 ቁራጭ ወጣው። በዚህ ቁጥር በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችለው ጣሪያ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ 3 ለ150 ተካፍሎ ካሬ ሥሩ ሲወጣ 0.14 ገደማ ነው። ካርታው ላይ ካሉት ብዙ ነጥቦች ጥቂቱ በዕድል ብቻ ይህን ያልፋሉ፤ እኛ ግን የምንፈልገውን ጥንድ፣ 24.3ንና 14.5ን፣ አስቀድመን እናውቅ ነበር። እዚያ ጋ 0.7 አገኘን፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ራሱ ማሽን ዞረ።

የሞተሩ መሠረት ሲፈተሽ ቡሎኖቹ ላልተዋል። ከጠበቁ በኋላ የ38.8ቱ ጉብታ ወረደ እንጂ አልጠፋም። ባይኮሂረንሱ ግን ከ0.14 በታች ገባ፤ የቀረው የኮምፕረሰሩ ድርሻ ነበር ማለት ነው፣ እሱም የሚያሳስብ መጠን አልነበረውም።