የስዕሉን ክፍለ ጊዜ አትንኩብን

ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት የስዕልና የሙዚቃውን ክፍለ ጊዜ ለሂሳብ ሊሰጠው ነው። የሰማሁት ዛሬ ከሰዓት በወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና እስኪያልፍ ድረስ ነው ተባለ። አብዛኛው ወላጅ አጨበጨበ። እኔ እጄን አወጣሁ።

ብዙ አልተናገርኩም። «ይህቺን አንዲት ክፍለ ጊዜ ተዉላቸው» ነው ያልኩት። ከኋላ የተቀመጠ አንድ አባት ተነሳ። «እህቴ፣ እኔ ልጄን የላክሁት አዝማሪ እንዲሆንልኝ አይደለም» አለ። ሰው ሳቀ። ወዲያው ስለ ዩኒፎርም ወሬ ተጀመረና የእኔ ነገር እዚያው ቀረ። አሁን መሽቷል፣ ልጆቹም ተኝተዋል። እዚያ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጻፈው።

ሰውየውን አልተቀየምኩትም። ጭንቀቱ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ትምህርት ተቋረጠ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ። ልጆቻችን ያኔ ያመለጣቸው ገና አልተሟላም። ወላጅ ሂሳብ፣ ሂሳብ ቢል አይፈረድበትም። ግን እኔም የማልረሳው ነገር ያለኝ ከዚያው ጊዜ ነው።

ትምህርት ሲከፈት ልጄ አታወራም ነበር። ስንጠይቃት «ምንም አልሆንኩም» ነው መልሷ። አንዲት መምህርት ለክፍሉ ወረቀት አደለችና «ያያችሁትን ሳሉ» አለቻቸው። ልጄ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ሳለች። ሰው ሁሉ በእግሩ ነው። ፍራሽ የተሸከመ አለ፣ ፌስታል ያንጠለጠለ አለ፣ ሕፃን ያዘለች አለች። ከሰዉ ሁሉ አስበልጣ የሳለችው ግን የጎረቤታችንን ውሻ ነበር። ተከትሎን መጥቶ መንገድ ላይ፣ ሐረጎ የቀረውን። ማታ ወረቀቱን ይዛ መጣችና ስለ ውሻው ማውራት ጀመረች። ከውሻው ወደ ሌላው ሄደች። በሆዷ ይዛው የከረመችውን ሁሉ አወጣችው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። እዚያች ወረቀት ላይ ባትስለው ኖሮ መቼ ትነግረን እንደነበር አላውቅም።

መምህርቷ የስዕል ትምህርት የተማረች አይደለችም። ክፍለ ጊዜ ለማሟላት ነበር የተሰጣት። አብዛኛው ቦታ እንዲሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለው። ወረቀት ላይ ቦታ ተሰጥቶታል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ቀለም የለም፣ መሣሪያ የለም። አስተማሪው የስፖርት ወይም የጂኦግራፊ መምህር ነው። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው።

እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ማቅለሚያ ክፍል። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ በመብራት ስር ስታያቸው አንድ ናቸው። ደጅ ፀሐይ ላይ ስታወጣቸው አንዱ ወደ ቀይ ያደላል። ለዚህ ነው መብራት እየቀያየርን የምናያቸው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣልን ኬሚካሉን፣ ልኬቱን፣ ሙቀቱን ቶሎ ይይዛል። የሚከብደው ማየቱ ነው። «ይኼ ከዚያኛው ይለያል?» ስለው ይጨነቅብኛል። ዲግሪ ይዞ መጥቷል። ግን ያን ሁሉ ዓመት ሲማር አንድን ነገር አተኩረህ እየው ያለው ሰው የለም።

ይህን ያልኩት ልጆቹ ሁሉ ማቅለሚያ ክፍል ይግቡ ብዬ አይደለም። ልጄ ሐኪም ብትሆንም የጦሳ ተራራ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበትና ሲመሽ ቀለሙ እንደሚለያይ ብታይ ደስ ይለኛል። ከተማችን ደሴ በየቀኑ ከሥሩ ትውላለች። ስንቶቻችን ቀና ብለን አይተነዋል?

ሙዚቃውማ ያንገበግበኛል። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ብትሄድ ባቲ ነው። ከደሴ በወልዲያ መንገድ ብትሄድ አምባሰል ነው። ከአራቱ ዋና የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ የእኛን አገር ስም ይዘዋል። የደሴ ልጅ 8ኛ ክፍል ጨርሶ ባቲን ከአምባሰል መለየት አለመቻሉ ያሳዝናል። እውነቴን ነው፣ ያናድደኛልም።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ክራር የሚጫወቱ አባት አሉ። ድሮ ኪነት ቡድን ውስጥ ነበሩ። ባለፈው ክረምት ልጆቹ በረንዳቸው ላይ ከበቧቸው። ጋሼ አንዱን ክር ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ አደረጉትና ትዝታ የነበረው ባቲ ሆነ። ደግመው ቃኙት፣ አምባሰል ሆነ። ልጄ ዝም ብላ ስትቆጥር ቆየችና «እማ፣ ድምፁ ሁሌም አምስት ነው። የተቀየረው በመሃላቸው ያለው ርቀት ነው» አለችኝ። ትክክል ናት። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም አምስት አምስት ድምፅ ነው ያላቸው። ማንም ሳይነግራት በጆሮዋ ደረሰችበት። ያ አባት ይህን ቢያይ ኖሮ ሂሳቡ የት እንዳለ ይገባው ነበር። ደግሞስ አዝማሪ ቢሆንስ ልጁ? ማሪቱ ለገሰን እየሰማ ያደገ ወሎዬ እንዲህ ሲል ይገርመኛል።

የእናቴ አባት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ቤት ነው የተማሩት። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ እያሉ በቃል ሲወጡ ነው ያደጉት። የባለቤቴ አያት ደግሞ ደረሳ፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪ ነበሩ። ቂርኣታቸው ከመንዙማው ተለይቶ አያውቅም፤ እያረጁም ግጥሙን አልረሱትም። ሁለቱም ቤት ዜማው የትርፍ ሰዓት ነገር አልነበረም። ትምህርቱ ውስጥ ነበር፤ የከበደውን የሚያስይዛቸው እሱ ነበር። የእኛ ልጆች ላይ ሲደርስ እንዴት ትርፍ እንደሆነ አይገባኝም።

ከስብሰባው ስንወጣ አንዲት እናት ክንዴን ይዛ «አብሽሪ፣ እኔም አብሬሽ ነኝ» አለችኝ። እዚያ ውስጥ ለምን አልተናገርሽም አላልኳትም። አርብ ጠዋት ሁለታችን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ እንገባለን። የሂሳብ ማጠናከሪያው ቅዳሜ ይሁን እንላለን፤ ልጆቹን ተራ በተራ እናመላልሳለን። ጋሼ በሳምንት አንድ ቀን ክራራቸውን ይዘው ለመምጣት ፈቅደዋል። ከፋብሪካው የናሙና ቁርጥራጭ ጨርቅ እንዲሰጡኝ ነገ አለቃዬን እጠይቃለሁ፤ ልጆቹ ቀለም እያመሳሰሉ ይለማመዱበታል። ወረቀት ካጣን ባንድ ገጹ የተጻፈበት ይበቃል። ከሰል በየቤቱ አለ።